«አሲዩም» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ ታሪክና የአማርኛ አቻዎቹ

ከእንግሊዝኛ በሚተረጎሙ ጽሑፎች «አሲዩም» የሚለው ግሥ ብዙውን ጊዜ «ገመተ» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ፍች የት ድረስ እንደሚያስኬድ ለመመርመር አስቀድመን የቃሉን ታሪክ እንመለከታለን።

ግሡ ከላቲን የመጣ ነው። «አድ» (ወደ) ከ«ሱሜሬ» (መውሰድ) ጋር ተጣምሮ «ወደ ራስ መውሰድ» የሚል ፍች ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ15ኛው መቶ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ሲገባም ይህንኑ ፍች ይዞ ነበር፤ ሥልጣን መያዝ፣ ኀላፊነት መረከብ፣ የሌላ ሰው ስም ወይም መልክ መያዝ የሚሉት ሁሉ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው። በምዕራባውያን ዘንድ የፍልሰታ በዓል የሚጠራበት የእንግሊዝኛ ስምም ከዚሁ ሥር ወጥቷል። እንግሊዝኛው እመቤታችን ወደ ሰማይ መወሰዷን ሲናገር፣ «ፍልሰታ» ግን «ፈለሰ» ከሚለው ግሥ ተገኝቶ ከስፍራ ወደ ስፍራ መሄዷን ያመለክታል።

«ሳይረጋገጥ እንደ እውነት መቀበል» የሚለው ፍች የተለመደው ዘግይቶ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ነው። ተከራካሪ አንድን ሐሳብ ለክርክሩ መነሻ አድርጎ ይወስዳልና፣ እዚህም ቢሆን የመውሰድ ፍች አልጠፋም። እኅቱ «ፕሪዚዩም» ደግሞ «አስቀድሞ መውሰድ» ከሚለው የላቲን ግሥ የመጣ ሲሆን፣ ከግምት ሌላ መዳፈርንም ይገልጻል።

ወደ አማርኛ ስንመለስ፣ «ገመተ» መመዘንን ይጠይቃል፤ የቤት ዋጋ የሚገምት ሰው ቤቱን አይቶ ነው። የሒሳብ ሊቅ ግን «ሀ ከ0 ይበልጣል እንበል» ሲል አንዳች አልመዘነም። ስለሆነም ለመነሻ ሐሳብ «እንበል»፣ ለሥልጣን «ያዘ»፣ ለኀላፊነት «ተረከበ» ይስማማሉ። በተራ ንግግር ደግሞ «ተዘግቷል ብሎ ሳያንኳኳ ተመለሰ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ብሎ» ብቻውን የእንግሊዝኛውን ግሥ ሥራ ይፈጽማል። ነገሩ ስሕተት ሆኖ ሲገኝ «መስሎት» ይገባል።

የቃል ምርጫው ክብደት በሕግ ጎልቶ ይታያል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 (3) የተከሰሰ ሰው «እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር» መብት እንዳለው ይደነግጋል። የእንግሊዝኛው ቅጂ በ«ፕሪዚዩም» ንጹሕነትን ሲያቆም፣ አማርኛው ጥፋተኛነትን ያፈርሳል። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው ነው። «መገመት» ቢባል ኖሮ የተከሳሹ መብት በዳኛው ሚዛን ላይ የተንጠለጠለ በመሰለ ነበር፤ «መቆጠር» ግን ከማስረጃው በፊት የሚቆም ደረጃን ይሰጠዋል። ተርጓሚ በ«ገመተ» ከመርካቱ በፊት «የተመዘነ ነገር አለን?» ብሎ መጠየቅ የሚገባው ስለዚህ ነው።