የቀደመው ሰው ብዙ ስሞች

የዛሬው ሰው፣ ይልቁንም በከተማና በባዕድ አገር ያደገው ወጣት፣ «ማን ነኝ? የተፈጠርሁትስ ለምንድር ነው?» እያለ ብቻውን ሲጨነቅ እንሰማለን፤ የቀደሙት አባቶቻችን ግን ይህን ጥያቄ ለአንድ ሰው ብቻ አይተዉለትም ነበር፤ መልሱን ከልደቱ እስከ ዕለተ ሞቱ በስም እያደረጉ ይሰጡት ነበርና።

በክርስቲያን ቤት የተወለደ ሕፃን አስቀድሞ ወላጆቹ ካዩት መከራ ወይም ከተመኙት በጎ ነገር የወጣውን የዓለም ስም ይቀበላል፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁም፣ ወልደ ወይም ወለተ፣ ገብረ ወይም ኃይለ የሚለው ቃል ከሥላሴ፣ ከእመቤታችን ወይም ከአንዱ ቅዱስ ስም ጋር ተጋጥሞ ስመ ክርስትና ይሆናቸዋል። ይህ ስም ጠላት መተት እንዳይሠራበት ተብሎ ከጎረቤት እንኳ ይሰወር ነበር፤ የሚነሣው በጸሎት፣ በቅዱስ ቁርባን፣ በመጨረሻም በጸሎተ ፍትሐት ነው። ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም፤ ሆኖም በብዙ ቦታ አማቷ ሌላ ስም ታወጣላትና በአዲሱ ቤቷ በዚያ ትጠራለች። መነኩሴም ቆብ ሲደፋ ዓለምን ከነስሙ ይተዋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የፈረስ ስም፣ ማለትም ጌታው በፈረሱ ስም «አባ» እየተባለ የሚጠራበት ልማድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ሲባሉ፣ ወታደሩ በዚያ ጥሪ ጌታውን ያወድስ፣ ጌታውም እንደ ስሙ ሆኖ መገኘት ግድ ይሆንበት ነበር። የራስ መኰንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው ባለቤቱ ካረፉ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ለዘመተው ሻለቃ ጦር መጠሪያ ሆነ። ልጃቸውም ተፈሪ መኰንን፣ አባ ጠቅል፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ስመ ክርስትናቸውን ስመ መንግሥት አደረጉት።

ያ ዘመን ሁሉ መልካም ነበር አልልም፤ በባርነት የተሸጠው ሰው እናቱ ያወጣችለት ስም ተነጥቆ ጌታው በወደደው ይጠራ ነበርና፣ ይህ ከግፎች ሁሉ የከፋ ግፍ ነው።

ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብም፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጹ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም ደነገገ፤ ሕዝቡ ግን በራሱና በአባቱ ስም መጠራቱን አልተወም። ባሕር የተሻገረው ወገናችን ግን ምርጫ አልነበረውም፤ የደረሰበት አገር የመዝገብ ሥርዓት የአባቱን ወይም የአያቱን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አደረገበት። በ1977 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤል ብዙዎቹ፣ ይልቁንም ልጆቹ፣ ወላጆቻቸው ያላወጡላቸው የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው፤ ካደጉ በኋላ የቀድሞ ስማቸውን ያስመለሱም አሉ። እኔም ያደረጉት ተገቢ ነው እላለሁ፤ ስሙን ማን እንደሰጠው የማያውቅ ሰው፣ ለማን መኖር እንደሚገባው ቢቸግረው አይፈረድበትምና።

በባዕድ አገር ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁን ስመ ክርስትና፣ የዓለም ስሙንም ማን በምን ምክንያት እንዳወጣለት ጽፋችሁ አስቀምጡለት።