ወደ ተበዳዩ ደጅ

ሰው በድላችሁ ነገሩን በጸሎት ብቻ ልትዘጉት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? የአይሁድ መምህራን ስለዚህ ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ ብዙ አስበዋል።

እ.ኤ.አ. በ70 ሮማውያን የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ አፈረሱ። መሥዋዕቱ ቀረ፤ የማስተሰረያው ቀን ግን በጾምና በጸሎት መከበሩ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ በገሊላ የተጠናቀረው ሚሽና የተባለው የሕግ ስብስብ ለዚያ ቀን ወሰን አበጀለት። በእግዚአብሔር ላይ የተሠራ በደል በቀኑ ይሰረያል፤ ባልንጀራውን የበደለ ግን አስቀድሞ ሄዶ ሊታረቀው ይገባል።

በ12ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የኖረው ሐኪምና መምህር ሙሴ ማይሞኒደስ ይህን በዝርዝር ጻፈ። የነጠቀውን ገንዘብ የመለሰ ሰው እንኳ ገና አልጨረሰም፤ ይቅርታ መጠየቅ አለበት። ተበዳዩ እምቢ ቢል፣ በዳዩ ሦስት ወዳጆቹን ይዞ ይመጣል፤ እነርሱም እንደ እኛ አገር ሽማግሌዎች ይለምኑለታል። ይህም እስከ ሦስት ጊዜ ይደረጋል። ተበዳዩ ሞቶ ከሆነ፣ በዳዩ አሥር ሰዎች ይዞ ወደ መቃብሩ ሄዶ በደሉን በፊታቸው ይናገራል።

ጌታችንም መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሎ አስተምሯል (ማቴ. 5፥23-24)። ዘኬዎስም በጸጋ ከተጎበኘ በኋላ የቀማውን አራት እጥፍ ለመመለስ ተነሣ እንጂ ዝም ብሎ አልተቀመጠም።

እናንተስ? ያልመለሳችሁት ብር፣ ያዛመታችሁት ሐሜት ይኖር ይሆናል። ጸልዩ፤ ከዚያም ተነሥታችሁ የዚያን ሰው ደጅ አንኳኩ። መቃብሩ ዘንድ ከመሄድ ዛሬ ቤቱ መሄድ ይሻላል።