ከቅቤ እስከ ዊግ፦ የፀጉር ታሪክ በከሚሴና በአካባቢዋ

ሰው ሠራሽ ፀጉር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ነጋዴውን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ያስታውቃል ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው በየትኛውም ዘመንና አገር የነበረ ይመስላል፤ ከሚሴ ላይ ግን ዕድሜው አጭር ነው። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መዲና የሆነችው ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ፣ በጨፋ ሜዳ ዳር ትገኛለች። ሰንበቴ እሑድ፣ ባቲ ሰኞ ይገበያሉ፤ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባውና አማራው በነዚህ ገበያዎች ሲገናኝ ኖሯል። በዚህ አገር ፀጉር የሚሠራው ሌላው አይቶ እንዲያነበው ነበር። የሠሪ እጅ እንዳይታወቅበት የሚለፋለት ፀጉር ኋላ የመጣ ነገር ነው፤ ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ደግሞ የመጀመሪያ ዊጉን ሲመርጥ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል ባይ ነኝ።

በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ሳዱላዋ አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን በማስቀረት አለማግባቷን ታሳውቅ ነበር፤ ስትዳር መሐሉ ያድጋል። ሕፃን ቁንጮ ይተውለታል፣ ሐዘንተኛ ፀጉሯን ትላጫለች። ሙስሊሙም የራሱ ምልክት አለው፦ ሕፃኑ በተወለደ በሰባተኛው ቀን ይላጫል፣ በፀጉሩ ክብደት ልክ ብር ይመጸወትለታል፤ ግማሹን ላጭቶ ግማሹን መተው በሐዲስ የተከለከለ ስለሆነም ቁንጮ በዑለማዎቹ ዘንድ አይወደድም። የአፋር ጎልማሳ ፀጉሩን ቅቤ አጠጥቶ ጥቅልል ጥቅልል አድርጎ ባቲ ገበያ ሲወርድ ማንነቱ ከሩቅ ይለያል። እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ትግራይ ተቀምጦ፣ በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ይህን የቅቤ ነገር በዝርዝር ጽፎታል፤ እሱም እንዳገሩ ሰው ይቀባ ነበር። ቅቤው አናት ላይ በጉብታ ይደረግና ፀሐይ እያቀለጠችው ወደ አንገት ይወርዳል። የተሠራው ፀጉር ሌሊት እንዳይበላሽ ማጅራት የሚደገፍበት የእንጨት ብርኩማ አለ፤ ሚዶው ፀጉሩ ውስጥ ተሰክቶ ይውላል። የሥራው ምልክት ሁሉ በግልጽ የሚታይ ነው፤ ማንም «ይህ ተሠርቷል» እንዳይባል አይጨነቅም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፦ የሌላ ፀጉር መድፋትስ ጥንት አልነበረም ወይ? ነበር እንጂ። ጀግና የአንበሳ ጎፈር ይደፋ ነበር፤ በ1923 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ላይ መሳፍንቱ በጎፈር አጊጠው ታይተዋል። ግን ጎፈር የደፋ ሰው ፀጉሩ የራሱ እንዲመስል አይፈልግም፤ የአንበሳ መሆኑ ካልታወቀማ ክብሩ ምኑ ላይ ነው? በአዲስ አበባ መድረክም ሴት ተዋናይ ብርቅ በነበረበት ዘመን ወንዶች፣ ከነሱም መካከል ተስፋዬ ሳህሉ፣ የሴት ገፀ ባሕርይ ሆነው ይጫወቱ ነበር። ተመልካቹ ከቀሚሱ ሥር ያለው ወንድ መሆኑን እያወቀ ነው የሚስቀው። ሁለቱም የኔን ነገር ያጸናሉ እንጂ አያፈርሱም።

ፀጉሩ ያለቀበት ሰውም ሞልቶ ነበር። ቆረቆር የስንቱን ሕፃን አናት አራቁቷል፣ ላሽ ጠባሳ የመሰለ ክብ ትቷል፣ ጠብቆ የሚጎነጎን ሹሩባም የግንባርን ፀጉር ዳር ዳሩን ይነቅላል። መፍትሔው ጨርቅ ነበር፦ ለሴት ሻሽ፣ ለሸኽ ጥምጣም፣ ለሌላው ቆብ። በሐረር ያገባች ሴት ፀጉሯን ከጆሮዋ ኋላ ሁለት ቦታ ጠቅልላ ጉፍታ በሚባል መረብ እንደምትሸፍነው ሁሉ፣ በወሎም ራስ መሸፈን የጨዋነት ወግ ስለሆነ ከሻሹ ሥር ያለውን ማንም አይጠይቅም። «ዊግ ያልነበረው እስልምና ስለከለከለ ነው» የሚል ይኖራል። ግማሽ እውነት ነው። ያ ክልከላ የማይመለከተው የመንዝና የአንጾኪያ ክርስቲያንም ፀጉር አስቀጥሎ የመሄድ ወግ አልነበረውም፤ ስለዚህ ሃይማኖቱ ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ያም ሆኖ ክልከላውን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል፤ ውስጡ ያለው ምክንያት ከልማዱ ጋር ይገጥማልና። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ፀጉር የምትቀጥልም የምታስቀጥልም ተረግማለች። ኸሊፋው ሙዓዊያም ከሐጅ መልስ መዲና ሚንበር ላይ ወጥቶ የፀጉር ጉንጉን በእጁ ይዞ ዑለማዎቹን መውቀሱ ተዘግቧል። ሊቃውንቱ ግን ከፋፍለው ያዩታል። በወሎ ሁለቱም በሚገኙት በሻፊዒና በሐነፊ መዝሀብ የሰው ፀጉር መቀጠል ክልክል ነው፤ ሐነፊዎች ሱፍና የእንስሳ ፀጉር ይፈቅዳሉ፣ የሻፊዒው ሊቅ ነወዊ ደግሞ ንጹሕ የእንስሳ ፀጉርን ላገባች ሴት ባሏ ከፈቀደ ይፈቅድላታል። ቃዲ ዒያድ ፀጉር የማይመስል ባለ ቀለም የሐር ክር ማሰር ከክልከላው ውጭ ነው ይላል። ነገሩ የሚዞረው በመምሰል ዙሪያ ነው፤ ሲታይ የሚታወቅ ጌጥ ማንንም አያታልልም። ዛሬ ሱቅ ውስጥ «ሂውማን ሄር» (የሰው ፀጉር) ተብሎ በውድ የሚሸጠው፣ ተፈጥሯዊ በመምሰሉ የሚወደሰው፣ በፊቅህ፣ ማለትም በሃይማኖቱ ሕግ፣ ሚዛን ሲመዘን ከርካሹ ፕላስቲክ ይልቅ ክልክሉ የጠነከረበት ነው።

በሕመም ፀጉሩን ያጣ ሰውስ? ብዙዎች የሚጠቅሱት አፍንጫውን በጦርነት ያጣውንና ነቢዩ በወርቅ እንዲተካው የፈቀዱለትን የዓርፈጃን ሐዲስ ነው። ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው ግን ከዚያው ከሐዲስ መዝገብ ነው፦ ሙሽራ ልጇ በኩፍኝ ፀጉሯ ያለቀባት እናት መቀጠል ይቻል እንደሆነ ስትጠይቅ መልሱ ያው እርግማኑ ሆኗል። ይህን ሳይጠቅሱ ዓርፈጃን ብቻ ማንሳት ለራስ መፍረድ ነው። የዘመናችን ሊቅ ኢብን ዑሠይሚን የለዩበት መንገድ ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል፦ ባለ ፀጉር ሴት ለማስረዘም ብትቀጥል ክልክል ነው፣ ጨርሶ መላጣ የሆነችው ግን ነውሯን ለመሸፈን ዊግ ብታደርግ አይከለከልም። ያለውን ማስረዘምና የሌለውን መተካት አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ገበያው። ለዊግ የሚሆነው የሰው ፀጉር ብዙው መነሻ ህንድ ነው፤ በቲሩማላ ቤተ መቅደስ ምእመናን ለስለት የሚላጩት ፀጉር በጨረታ ይሸጣል፤ ከትልልቆቹ የዊግ መሥሪያ ከተሞች አንዷ በቻይና ሄናን የምትገኘው የሹቻንግ ከተማ ናት። ጥሩ የሚባለው ዊግ ሌስ በሚሉት ስስ መረብ ላይ ፀጉሩ በመንጠቆ አንድ በአንድ እየተቋጠረ የሚሠራ ነው። የሚያጋልጠው ሦስት ቦታ ነው፦ ግንባር ላይ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀጥ ያለ ጠርዝ፣ ከመጠን ያለፈ ጥቅጥቅታ፣ ከመረቡ ሥር እንደ ጥቁር ነጥብ የሚታይ ቋጠሮ። ለዚህ አገር ሰው ግን አራተኛ አለ፤ የፀጉሩ ጠባይ። ለጥ ያለው የህንድ ፀጉር የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢቋጠር ከሚሴ ገበያ መሐል በራሱ ላይ ያሳብቃል፤ ከርዳዳው ደግሞ ቋጠሮውንም መረቡንም ስለሚደብቅ መካከለኛ ሥራም ይበቃዋል።

ከመልኩ በፊት ግን መያዣው ይታሰብ። አምራቾቹ ከሁሉ ተፈጥሯዊ የሚሉት ቆዳ ላይ በሙጫ ተጣብቆ ለሳምንታት የሚቆየውን ነው። ከሶላት በፊት ለሚደረገው ዉዱእ ራስ በእርጥብ እጅ ይታበሳል፣ ለጀናባ ትጥበት ውኃ ቆዳው ድረስ መድረስ አለበት፤ የተጣበቀ መረብ ሁለቱንም ይከለክላል። የቆላው ሙቀትና ላብም ሙጫውን ቶሎ ያላላዋል። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ የመጀመሪያው ዊግ በማበጠሪያ ቅንጥብ ወይም በላስቲክ የሚያዝ፣ በአንድ እጅ የሚወልቅ ቢሆን ይሻላል። የኬሞ ሕክምና የጀመረ ሰው ከሆነ ነገሩ ይቀላል፦ ፀጉሩ አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው ካበቃ ከጥቂት ወራት በኋላ መመለስ ስለሚጀምር፣ የሚያስፈልገው ውስጡ በለስላሳ ጨርቅ የተገበረ ቀላል ዊግ ነው፤ ፀጉሩ ሲሳሳ የራሱ ልክም ስለሚቀንስ ወደ ኋላ የሚጠብቅ ማስተካከያ ያለውን መርጦ መግዛት ይበጃል።