ከአስተስርዮ እስከ ስግድ

የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን የበዓላት ወቅት የሚከፈተው በሰባተኛው ወር መባቻ በሚውለው «ብርሃን ሠረቀ» ነበር። በ10ኛው ቀን አስተስርዮ ይከተላል። በዚህም ዕለት ሕዝቡ እህልና ውኃ ሳይቀምስ፣ «መስጊድ» እያለ በሚጠራው የመንደሩ ጸሎት ቤት ተሰብስቦ፣ ቄሶቹ በግዕዝ የሚያደርሱትን ጸሎት እየተከተለ የኃጢአት ስርየት ይለምን ነበር።

ይሁን እንጂ ወቅቱ በዚህ አይፈጸምም። ከአስተስርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን ስግድ ይውላል። ያን ጊዜ በአምቦበርና በሌሎችም ስፍራዎች ከየመንደሩ የመጣው ምእመን፣ ኦሪትን የያዙትን ቄሶች ተከትሎ፣ እየጾመ ወደ ተራራ ይወጣል፤ በዕዝራና በነህምያ ዘመን እንደ ሆነው ሁሉ ሕጉ ተነቦ ቃል ኪዳኑ ይታደሳል። መንደሮች በአስተስርዮ ለየብቻቸው የጀመሩትን ንስሐ መላው ሕዝብ በስግድ በአንድነት ይፈጽመው ነበር ማለት ነው።

ማኅበረሰቡ ወደ እስራኤል ከፈለሰ በኋላ፣ በተለይም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ከተወሰዱ ወዲህ፣ አስተስርዮ በአብዛኛው በዕብራይስጥ ቋንቋና በራቢዎች ሥርዓት መከበር ጀመረ። ስግድ ግን በ2000 ዓ.ም. በሕግ የአገር በዓል ሆነ። ሁለቱ በዓላት እንዳይለያዩ የ50 ቀኑን ቆጠራና የግዕዙን ጸሎት ለልጆች ማስተላለፍ የቄሶቹ ከባድ አደራ ነው።