የጣርማ በር ብርድና የፍሪዘር ታሪክ

ጣርማ በር ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ከደብረ ብርሃን አልፎ፣ ከደብረ ሲና በላይ፣ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚገኝ የደጋ አፋፍ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍለው ዋሻ ካወጡለት ወዲህ መኪናው በሆዱ ሾልኮ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት አመዳይ ሜዳውን ያለብሰዋል፣ ገብሱና ባቄላውም በውርጭ ይመታል።

ብርድ እንዲህ በበረታበት አገር ሥጋ በበረዶ ማቆየት የተለመደ አልነበረም። በበዓል ወይም በሠርግ ከታረደው የተረፈው ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ተነስንሶበት በገመድ ላይ ይሰቀላል፤ ደረቁ የደጋ ነፋስና የምድጃው ጢስ ውሃውን ይወስዱለትና ቋንጣ ይሆናል። ወተቱም ተንጦ ቅቤ፣ ቅቤው በኮሰረትና በኮረሪማ ተነጥሮ ለወራት ይቆያል። ሁሉም ዘዴ ውሃን ማስወገድ ነው፤ ምክንያቱም የጣርማ በር ውርጭ የሌሊት እንግዳ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ይረግፋል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥም የሥጋን መሐል ሊደርስበት አይችልም። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ግን ውርጩ ለተከታታይ ሌሊቶች ስለሚጠነክር ገበሬዎች ድንቹን ሌሊት እያቀዘቀዙ፣ ቀን እየረገጡ ውሃውን አውጥተው ለዓመታት የሚቆይ ስንቅ ያደርጉታል።

ሥጋን በመሣሪያ ማቀዝቀዝ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ፈረንሳዊው ፈርዲናንድ ካሬ እ.ኤ.አ. በ1859 በአሞኒያ የሚሠራ ማሽን ሠራ፤ ጀርመናዊው ካርል ፎን ሊንደ በ1870ዎቹ የአሞኒያ መጭመቂያውን አሻሻለ። አሞኒያ ከዜሮ በታች በ33 ዲግሪ ስለሚፈላ ሲተን ከአካባቢው ብዙ ሙቀት ይስባል፤ ትላልቅ ፋብሪካዎች እስካሁን ያልተዉትም በዚህ የተነሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ደኒዲን የተባለች መርከብ የኒው ዚላንድን የበግ ሥጋ በረዶ አድርጋ ለንደን ድረስ አደረሰች።

እስከዚያ ድረስ የጎደለው ፍጥነት ነበር። በሥጋ ውስጥ ያለው ውሃ አብዛኛው ከዜሮ በታች በ1 እና በ5 ዲግሪ መካከል ይረጋል። ይህን ክልል በዝግታ ያለፈ ሥጋ ትላልቅ የበረዶ ቅንጣቶች ይፈጠሩበትና ሕዋሶቹን ይቀድዱበታል፤ ሲቀልጥም ጭማቂው ፈስሶ ያልቃል። አሜሪካዊው ክላረንስ በርድሳይ ከ1912 እስከ 1915 በላብራዶር ሳለ፣ የአገሩ ሰዎች የሆኑት ኢንዊቶች የሚያጠምዱት ዓሣ በኃይለኛው ብርድ ወዲያው በረዶ ሆኖ በኋላ ሲበላ ጣዕሙን እንዳልለቀቀ አየ። በ1920ዎቹ ምግቡን በሁለት በቀዘቀዙ ብረቶች መካከል የሚጨምቅ ፍሪዘር ሠራ፤ ምርቱም እ.ኤ.አ. በ1930 በስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ለገበያ ቀረበ።

የዛሬዎቹ ዓይነቶች የሚለያዩት ሙቀትን በምን እንደሚወስዱ ነው። የብረት ሰሌዳ ፍሪዘር ለጠፍጣፋ የዓሣና የሥጋ ጥቅል ይስማማል። የነፋስ ፍሪዘር ከዜሮ በታች 30 እስከ 40 ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር በኃይል እየነፋ ቅርጹ የማያመች ሙሉ እርድን ጭምር በረዶ ያደርጋል፤ ያልተሸፈነን ሥጋ ግን ክብደት ያሳጣዋል። አተርና እንጆሪ ከታች በሚነፋ ነፋስ ተንሳፍፈው እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው ይቀዘቅዛል። ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ስለሚፈላ ከሁሉ ፈጣኑ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ውድ ስለሆነ ውድ ለሆነ ምግብ ይተዋል።

በኢትዮጵያ ወደ ውጭ የሚላክ የሥጋ ንግድ የተስፋፋው በዋናነት በሞጆና በቢሾፍቱ ቄራዎች ነው። እነዚህ ቄራዎች የፍየልና የበግ ሥጋውን አያረጉትም፤ በዜሮና በ4 ዲግሪ መካከል አቀዝቅዘው በአውሮፕላን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ ይልኩታል፤ ገዢዎቹ በረዶ ያልሆነ ሥጋ ይመርጣሉና። እዚህ ላይ ነው የጣርማ በር ጉዳይ የሚመጣው። ለዚህ ገበያ የሚታረደው በአብዛኛው የቆላ በግና ፍየል ነው፤ የደጋው በግ ሥጋ ቀዝቅዞ ሲቆይ ይጠቁራል ተብሎ ከገበያው ይገፋል። በጣርማ በር አካባቢ ደጋ የሚረባው የመንዝ በግም በአገሩ ዝነኛ ቢሆንም በባሕር ማዶ አልተፈለገም።

ሥጋ የሚጠቁረው ብዙ ጊዜ እንስሳው ከመታረዱ በፊት በጉዞ፣ በረሃብና በድንጋጤ በጡንቻው ያለውን ስኳር ሲጨርስ ነው፤ ስኳሩ ካለቀ ሥጋው በቂ አሲድ አያወጣም። ስለዚህ በደጋው በግ ላይ የሚቀርበው ቅሬታ የዘር ብቻ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ አመጋገቡና ከመታረዱ በፊት የሚሰጠው ዕረፍትም መታየት አለበት። የደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1967 ከተቋቋመ ጀምሮ የመንዝን በግ ከውጭ ዝርያዎች ጋር በማዳቀል ሥጋውንና ሱፉን ለማሻሻል ሠርቷል። የበጉን ሥጋ የማቆየቱን ሥራ፣ ማለትም በጉን አጓጉዞ ማሳረፍንና ሥጋውን በሚገባ ማቀዝቀዝን፣ የደጋው ገበሬና ቄራዎቹ አብረው ሊያሻሽሉት ይገባል።