ጥር 13ን የያዘ አይሸነፍም

የሬዲዮ ስፖርት «ውጤቱን ገምቱ» ሲል ዳንግላም እንጅባራም ሰው ስልኩን ያወጣል። አብዛኛው 1 ለ 0 ወይ 2 ለ 1 ብሎ ይልካል፤ ልክ ቢሆንም ከስንቱ ጋር ዕጣ ነው። እኔ ብሔራዊ ቡድኑ ሲጫወት የምይዘው ባሕረ ሐሳብን ነው።

ልብ በሉ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅ ሁለቴ መራችን። ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገ፤ በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨረሱት። 4 ለ 2፣ የአፍሪካ ዋንጫ የኛ!

ከ31 ዓመት በኋላ ወደ ዋንጫው ስንመለስ የመጀመሪያ ተጋጣሚያችን ሻምፒዮኗ ዛምቢያ ነበረች። ሳላዲን ሰኢድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፤ በ10 ሰው አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ወጣን። ቀኑስ? ጥር 13፣ 2005።

«ታዲያ ሁለቱም ጃንዋሪ 21 አይደሉም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ናቸው። ግን በ1960ም ጃንዋሪ 21 ላይ፣ በገዛ ሜዳችን፣ አይቮሪ ኮስት 1 ለ 0 ረትታን ሦስተኛነቱን ወሰደች። የ1959 ጳጉሜን 6 ስለነበረች ያ ቀን በኛ ጥር 12 ነው! በፈረንጅ አቆጣጠር የገመተ ተበላ።

ስልቱ አንድ ችግር ብቻ አለው፤ ቡድኑ እዚያ ቀን መድረስ አለበት። በ2014 ካሜሩን ላይ ጥር 9 ተሰናበትን፤ አራት ቀን ሲቀረን! ጥር 23 እንጅባራ ላይ በአገው ፈረሰኞች በዓል መገመት ይሻላል። ፈረሱ ቢያንስ በቀኑ ይገኛል።