ሙቀትና መጠኑ፤ ከሣር ክዳን እስከ ቆርቆሮ

ሙቀትና የሙቀት መጠን በአነጋገራችን አንድ ቢመስሉም፥ በፊዚክስ ትምህርት ግን የተለያዩ ናቸው። ይህን ልዩነት አጥርቶ ያሳየ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1760ዎቹ መባቻ በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆሴፍ ብላክ ነው። በረዶ ሙቀት እየተቀበለ ሲቀልጥ፥ ፈጽሞ እስኪያልቅ ድረስ ቴርሞሜትሩ ፈቅ እንደማይል አስተዋለ። እንግዲህ ቴርሞሜትር የሚነግረን የሙቀቱን ደረጃ እንጂ ብዛቱን አይደለም።

ሙቀት በራሱ የሚሄደው ከጋለው ወደ ቀዘቀዘው ነው። መንገዱም ሦስት ነው፤ በመነካካት፥ በአየርና በውሃ ዝውውር፥ በጨረርም።

ለዚህ ምስክር የተክለ ሃይማኖት ሰፈር ነባር ቤቶች ይበቃሉ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የተራው ሰው ቤት ክዳን ሣር ነበረ፤ ሣርም በመካከሉ አየር ስለሚይዝ ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። በኋላ የተተካው ቆርቆሮ ከእሳት አደጋ ቢያድንም፥ ቀን በፀሐይ ይግላል፤ ሌሊት ደግሞ በጥርት ያለው የጥቅምት ሰማይ ሥር ሙቀቱን በጨረር ለቅቆ ቤቱን ያቀዘቅዛል። ከበታቹ የሚወጠረው የአቡጀዲ ኮርኒስ ለጌጥ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በመካከሉ የታገደው አየር የቀድሞውን ሣር ሥራ ይሠራል።

ስለዚህ ብርድ ሲጠና ደጅን ዘግቶ ከሰል ማብዛት፥ ጭሱ ሳይታይ ቤተ ሰብን የሚገድል ነውና፥ አስቀድሞ ኮርኒስን ማበጀት ይሻላል።